የልብስ ሰፊው ምራቂ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ፤ ብስክሌትም ነበረው።

ቆይ ትርሲት፣ አታቋርጪኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ተራራ ላይ ብስክሌት መንዳት ለካ የሀብታም ነገር ነው። የአስተማሪ ደመወዝ አልቻለውም። ገዢ አግኝቻለሁ፤ ልሽጠው ወይስ ልተወው?» ብለሽኛል። ገዢው ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደሚደውልም ነግረሽኛል። ዓይንሽ የቀላው በአቧራ ነው ብትይም አላመንኩሽም። ሠላሳ ዓመት ብስክሌት ስጠግን ኖሬ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በአንድ ቃል መልሼ አላውቅም። ስለዚህ የገዛሽውን የፍሬን ሽቦ ከዚህ ዕቃ መሀል ፈልጌ እስካገኝልሽ ድረስ ተቀመጪና ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ ብያለሁ። ሰውየው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ ይሠራ ነበር። ከተማቸው ከተራራ ሥር ናት። ሁለቱም እሑድ እሑድ ብስክሌታቸውን ይዘው ያንን ተራራ ይወጣሉ። ሲወጡ ያለከልካሉ፣ ሲወርዱ እንደ ልጅ ይጮኻሉ። ልብስ ሰፊው ሰኞ ሀብታሙን «አንቱ» ነው የሚለው፤ እሑድ ቁልቁለቱ ላይ ግን «አንተ» ይለዋል። ሀብታሙም ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። ቁልቁለት ማዕረግ አያውቅም፤ ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

የልብስ ሰፊው ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ እንዲህ አለችው፦ «ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ መግዛት አለብን። ይህ ሳይክልህ ግን እንደ አምስተኛ ልጅ በየወሩ ይበላል። ከእንግዲህ አንድ ቀን ከቤት ገንዘብ ከጠየቀ፣ እሱ ይሸጣል።» ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው፤ ምናልባትም ጮክ ብዬ።

ልብስ ሰፊው ግን ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ይውላል። ጀርባው የሚቃናው እሑድ ብቻ ነው። ብስክሌቱ ከተሸጠ እሑድም እንደ ሰኞ ሊሆንበት ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ካቴናው መጮህ ጀመረ። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ቤት ሲገባ ሚስቱ እንዳትሰማበት ብስክሌቱን ተሸክሞ ያስገባው ጀመር።

በከተማዋ ብስክሌት የሚጠግን፣ መለዋወጫም የሚሸጥ አንድ ሰው ነበረ። ይህ ሰው ደንብ ነበረው፤ ከእሱ ዕቃ ለገዛ ሁሉ ይመርቃል። ሽንኩርት ሻጭ ከሚዛኑ በላይ ሁለት ራስ እንደምትመርቅልሽ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ደወሉ፣ መስታወቱ፣ ባንዲራው፣ ከመሪው ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ሁሉ ተሰቅሏል። ሰው ዕቃውን ይገዛና «ምራቂስ?» ይላል፤ ሻጩም ከግድግዳው አንዱን አውርዶ ይሰጣል።

ሀብታሙ ሰውዬ ምራቂ ሲወድ! ሀብታም ምራቂ አይወድም ያለሽ ማነው? ድሃ ቢሰጡት ይወስዳል፣ ባይሰጡት ይሄዳል። ሀብታም ግን ሳይመርቁለት ንቅንቅ አይልም። የሰውየው ካቴና ሲጮህ አዲስ ካቴና ገዛ፤ ደወል ተመረቀለት። ፍሬኑ ሲላላ ፍሬኑን በሙሉ ለወጠ፤ መስታወት ተመረቀለት። ካቴናው በሦስተኛው ወር እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ገዛ። በኋላማ ግድግዳው ላይ ገና ያልተመረቀለት ነገር ሲያይ የሚገዛው ዕቃ ይፈልግ ጀመር። ብስክሌቱ የሙሽራ በቅሎ መሰለ። «ይህ ሁሉ በነጻ ነው!» እያለ ለመንገደኛው ያሳያል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ልብስ ሰፊውም ወደዚያው ሱቅ ሄደ። አዲስ ካቴና የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ከሱቁ ርካሽ የሆነውን፣ የተቀደደ ጎማ የሚለጠፍበትን አንዲት ትንሽ ማስቲሽ ገዛ። ሻጩ እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ «ምን ልመርቅልህ?» አለው።

ልብስ ሰፊው ደወሎቹን አየ። መስታወቶቹን አየ። ከዚያ ብስክሌቱን ወደ በሩ ጎተተና «ይህ ካቴና ለምን እንደሚጮህ አሳየኝ። ምራቂዬ እሱ ይሁን» አለ።

ሻጩ ሳቀ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ምራቂ የጠየቀው የለም። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነውና ዱካ ሳበና ብስክሌቱን ገለበጠው። «ካቴናህ አላረጀም፤ ቆሽሿል፣ ጠምቶታልም» አለው። በጨርቅ ነጭ ጋዝ ነክሮ ጠረገው፣ አደረቀው፤ ከዚያ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አኖረ። ፔዳሉን አዙሮ አዙሮ የተረፈውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ መልሶ ጠረገው። «ዘይቱ ለውስጡ ነው። ላዩ ላይ ከተውከው አቧራ ይጠራል» አለ።

ልብስ ሰፊው ግንባሩን መታ። «ይህንንማ ለስፌት መኪናዬ በየማለዳው አደርገዋለሁ እኮ!» አለ። እውነቱን ነው። ዘይቱ መሳቢያው ውስጥ አለ። ጨርቅማ ቁርጥራጩ ከእግሩ ሥር ተከምሯል። ብስክሌቱ ለስፌት መኪናው ዘመድ መሆኑን ግን እስከዚያች ቀን ማንም አልነገረውም ነበር። ያን ዕለት ብስክሌቱን ሳይሸከም እየገፋ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ ኮቴውን ብቻ ሰማች።

ከዚያ በኋላ ለልብስ ሰፊው እሑድ ማታ ብስክሌት መጥረግ ልማድ ሆነ። ሳይቃጠል በቅጠል። አንድ ቀን ለፍሬኑ የምትሆን ቁራጭ ጎማ ገዛና ሽቦ ማጥበቅ ተመረቀለት። ሌላ ጊዜ አንዲት ብሎን ገዝቶ፣ ካቴና መንገድ ላይ ቢበጠስ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። ሻጩ «አንተ ሰውዬ ሱቄን በምራቂ ልትወስደው ነው!» አለው። ግን አሳየው፤ የተበጠሰውን የካቴና ዓይን፣ ያችን አንዷን ቀለበት፣ በሚስማርና በድንጋይ አስወጥቶ የቀሩትን ሁለቱን ጫፎች ማጋጠም ነው። ምስጢሩ ይህን ያህል ነው።

ብስክሌቱ ከቤት ገንዘብ ሳይጠይቅ ወራት አለፉ። ሚስቱ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮዋን ገዛች። እሷም የዋዛ አይደለችምና ቆርቆሮ ሻጩን «ምራቂስ?» አለችው፤ አንድ እፍኝ ሚስማር መረቀላት። ባሏ ከውስጡ አንድ ቀጭን ሚስማር መርጦ ኪሱ ከተተ።

ክረምቱ ወጣ። መንገዱ ሲጠነክር ሁለቱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ተራራውን ተያያዙት። ከወገቡ ላይ፣ ቤትም መኪናም በሌለበት፣ የሀብታሙ ካቴና ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ልብስ ሰፊው ቀድሞ ነበርና አላየም። ሀብታሙ እንዳይጮህ ትንፋሹ አልቋል። ምን ያድርግ? መስታወት አለው፣ ባንዲራ አለው፣ ዘርፍ አለው። ደወሉን መታ። ልብስ ሰፊው መንገድ ልቀቅልኝ ያለው መስሎት በትሕትና ወደ ዳር ወጣለት። ደወሉ አላቆመም። ዞር ቢል ሀብታሙ ብስክሌቱን አቅፎ ቆሟል፤ ደወሉን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃጭል ያቃጭላል።

ልብስ ሰፊው ላቡን ጠብ አድርጎ የወጣውን ዳገት መልሶ ወረደ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዳገት የወጣ ያውቀዋል። ሚስማሩን ከኪሱ አወጣ፣ ድንጋይ አነሳ፣ የተበጠሰውን ዓይን አስወጥቶ ጫፎቹን አጋጠመ። ኪሱ ባለው ቁራጭ ጨርቅ የካቴናውን ጭቃ ጠረገለት። ሀብታሙ ፔዳሉን በእጁ አዞረው፤ ዞረለት። ጆሮውን አስጠጋ፤ ድምፅ የለም።

«ይህን ከየት ገዛኸው?» አለ።

«አልገዛሁትም። ምራቂ ነው።»

«ከማን?»

«አንተም ከምትገዛበት ሱቅ ነዋ። እኔ ይህን ጠየቅሁ፤ አንተ ደወል ጠየቅህ።»

ሀብታሙ ብስክሌቱን አየ፣ መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ መንገዱ መሀል ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልብስ ሰፊውም አጠገቡ ተቀምጦ ሳቀ። ጫፉ ላይ ወጥተው ሲመለሱ ሀብታሙ ቁልቁለቱን ሙሉ ያንን ደወል እየመታ ወረደ፤ ከሥር ያሉ ሰዎች ሠርግ የመጣ መስሏቸው ወጡ።

በማግስቱ ሀብታሙ ወደ ሱቁ ሄደ። ሻጩ እጁን ወደ ግድግዳው ሲሰድ «ተወው፤ ዛሬ ዕቃ አልፈልግም። ምራቂውን ብቻ ሽጥልኝ» አለው። ሻጩም «ምራቂማ አይሸጥም፣ ጌታዬ» አለ። ሀብታሙ አንዲት ማስቲሽ ገዛ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ወዳንቺ ልምጣ።

ሀብታሙ ሰውዬ አንቺ ነሽ። አትሳቂ! ገንዘቡ ባይኖርሽም ጠባዩ አለሽ። ብስክሌትሽን እበሬ ላይ ታቆሚና ገበያ ትሄጃለሽ፤ ተመልሰሽ ትከፍያለሽ፣ ትወስጃለሽ። በዚህ ዓመት ሦስት ካቴና ሸጬልሻለሁ። አዎ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ነጋዴ ነኝና ዝም አልኩ፣ አሁን ሳወራው አፈርኩ። አንቺ ግን ለሽንኩርቱ፣ ለበርበሬው «መርቂልኝ» ትያለሽ። ከሁሉ አብልጠሽ ለምትወጂው ነገር ግን አንድ ቀን «ምራቂስ?» ብለሽኝ አታውቂም። ተራራው የሀብታም አይደለም፤ ተራራው ብር ጠይቆሽ አያውቅም። ደመወዝሽን የበላው ያልተጠረገ ካቴና ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የቀድሞ ሰዎች ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ለሚሰጠውም፣ ነጋዴ ከሚዛን በላይ ለሚጨምረውም «መረቀ» የሚል አንድ ቃል ነው ያበጁት። የገዛሽው ያረጃል፤ የተመረቀልሽ አብሮሽ ይኖራል።

ይኸው፣ የፍሬን ሽቦሽ ተገኘ። ከፍለሻል። በይ እንግዲህ፣ ምን ልመርቅልሽ?

ጎሽ! እንዲህ ነው መጠየቅ። እጅጌሽን ሰብስቢ። ብስክሌቱን ገልብጪው፤ ጨርቁን ያዢ፤ ከዚህ ጀምሪ። አትፍሪው፣ አይነክስም። ጠረግሽ? አሁን አንድ አንድ ጠብታ፤ አንድ አልኩ እንጂ ወጥ አልሠራሽም። አዙሪው። እንደገና አዙሪው።

ስልክሽ እየጮኸ ነው። ገዢው ይሆናል። እጅሽ ግን እስከ ክንድሽ ዘይት ነው፤ በዚህ እጅ ስልክ አይነሳም። ተዪው ይጩኽ፤ ካቴናው ዝም ብሏል።