ከአበባው መደብ የተተከለ አጥንት

አንድ ጊዜ በብርዳማ ደጋ አገር የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። በሰኔ፣ ደጇ ካለው የአበባ መደብ ሽንኩርት የመሰሉ የአበባ ሥሮች ስትቀብር አያ ጅቦ አጥንት እየጋጠ ከተፍ አለ።

«እሜቴ አህያ፣ የዛሬ ምሳዬ አንቺ ነሽ!»

አህያ የያዘችውን ሥር ጥላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጎረቤቷ ቀበሮ ግን ከአጥሩ ሥር ሆና ሰማች። የአበባውን ሥር ሊበሉ የሚመጡት አይጦች ቀለቧ ናቸውና አህያ ከተበላች እሷም ጦሟን ማደሯ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ገበሬህን ትበላለህ?» አለችው። «ይቺ እኮ በሰኔ ደረቅ ሥር ቀብራ በመስከረም አበባ የምታወጣ ናት። ያን አጥንትህን ብትተክልልህስ ምን የሚበቅል ይመስልሃል?»

ጅብ ማሰብ ስላልለመደበት አፉን ከፍቶ አሰበ።

«በሬ?»

«ከነቀንዱ!»

ጅብ አህያን ማረ። አጥንቱን አስተክሎ ሐምሌን በጭቃ፣ ነሐሴን በበረዶ ሲደበደብ መደቡን ጠበቀ። አላስችል ሲለውም አጥንቱን ቆፍሮ ያወጣና «ጭራ አብቅሏል?» እያለ ያገላብጠዋል።

መስከረም ሲጠባ ከአጥንቱ አጠገብ አንድ ቀይ አበባ ፈነዳ።

«ምላሱ ወጣ!» ብሎ ጮኸ ጅብ። ሊስመው ሲያጎነብስ አበባው ውስጥ የነበረች ንብ አፍንጫውን ነደፈችው። «እሰይ! ቀንዱም ደርሷል!»

ጥቅምትን ሙሉ ቀሪው አካል እስኪወጣ ጠበቀ። በኅዳር ግን ውርጭ ወረደና አበባውን አጠወለገው።

«በሬዬን! በሬዬን!» እያለ ጅብ ደረቱን ደቃ። ከዚያ ዓይኑን ወደ አህያ መለሰ። «በይ እንግዲህ፣ በሬው ከሞተ አንቺ አለሽ።»

አህያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «እግዜር ያጥናህ፣ አያ ጅቦ። ለቅሶ ላይ ተቀምጠህ ሥጋ ልትበላ ነው? አገር ምን ይላል?»

ቀበሮም የባቄላ ንፍሮ ይዛ ከች አለች። «በሐዘን ቤት የሚቀመሰው ይሄ ነው» አለችው።

ጅብን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሉኝታ ያዘው። እንባውን እየጠረገ ንፍሮውን ቆረጠመ። ሁለቱ ሴቶችም ሳቃቸው እንዳያጋልጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው አብረውት አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ጅብ በዚያ መንደር ድርሽ አላለም። ለምን ቢሉት፣ «በሬዬ የሞተበትን ቦታ ዳግም ለማየት አንጀቴ አይችልም» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ በሆዱ የሚያስብ ሰው ላልነበረው በሬ ሲያለቅስ በእጁ የነበረው ምሳ እንደሚያመልጠው ነው።