አንድ ጋቢ ለሦስት አብራሪዎች

በአንድ ወቅት ሻንካ የሚባል የዶርዜ ሸማኔ ልጁን ሊድር ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ በአውሮፕላን ተነሣ። በረራው ግን ዘገየ። «አብራሪ እየተቀየረ ነው» ሲሉት፣ ሙሽራዋ ልጁ እየጠበቀችው ነውና አጉረመረመ። የሆነውን ሁሉ የሰማው በኋላ ነው።

የዕለቱ ተረኛ ካፒቴን ውብሸት ነበር። የታመመ አባቱን ሲያስታምም አድሮ፣ ጠዋት ለአለቃው «እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ሰው ይዤ አልበርም» አለ። አለቃው ፊቱን አጠቆረ። ውብሸት ግን ቃሉን ሳያጥፍ ወደ ቤቱ ሄደ።

በምትኩ ካፒቴን ተካልኝ መጣ። ከጎኑ ረዳት አብራሪዋ ሰዓዳ ነበረች፤ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ሊያርፉ ሲሉ ዝናብ ከተራራው ወረደ፤ ነፋስም ከኋላ ገፋቸው። ሰዓዳ መሣሪያዎቹን አየች። መምህርን ማረም ከብዷት ድምጿ ቢቀጥንም ዝም አላለችም።

«ካፒቴን፣ ፍጥነታችን በዝቷል። እንነሣ።»

መንደርደሪያው ከፊቱ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ ተካልኝ እንደሚያርፍ እርግጠኛ ነበር። ሆኖም «ለምን» ሳይል፣ «እሺ፣ እንነሣ» ብሎ አውሮፕላኑን ሽቅብ መለሰው። ሻንካ ሊነካው የደረሰው የአገሩ መሬት ሲርቀው በመስኮት አይቶ ልቡ ተሰቀለ።

ዝናቡ አባርቶ በሰላም ሲያርፉ፣ የመንደርደሪያው ጫፍ በጎርፍ ተውጦ እንደነበር ተሰማ። በዚያ ፍጥነት ወርደው ቢሆን መቆሚያ ባላገኙ ነበር።

ሻንካ ከመሰላሉ ሥር ጠበቃቸው። «ልጆቼ፣ ያተረፈን ማን ነው?»

«እሷ ናት» አለ ተካልኝ።

«እሳቸው ባይሰሙኝስ?» አለች ሰዓዳ። «ደግሞም ውብሸት ጠዋት እንቢ ባይል እሳቸው እዚህ አይኖሩም ነበር።»

ከሠርጉ በኋላ ሻንካ የእጁን ጥበብ ሁሉ አፍስሶ አንድ ጋቢ ሠራ። አዲስ አበባ ተመልሶ ሦስቱንም አገኛቸው።

ውብሸት ፈገግ አለ። «አባባ፣ እኔ እኮ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ደክሞህ መጥተህ ቢሆን እሷን ትሰማት ነበር?»

ውብሸት አሰበ። «እንጃ» አለ።

ሻንካ ጋቢውን ጭኑ ላይ እንደዘረጋ ሦስቱን በየተራ አያቸው። አንዱ አቅሙን አውቆ ቀረ። አንዷ ያየችውን ተናገረች። አንዱ ከእርግጠኝነቱ ይልቅ የተማሪውን ቃል ሰማ። ጋቢ ደግሞ ለሦስት አይቀደድም።

እናንተ በሻንካ ቦታ ብትሆኑ በማን ትከሻ ላይ ትጥሉት ነበር?