በሙሽራ መኪና ላይ የቆመው አንቴና

አንድ ሰው ነበረ፤ መኪና ያለው። ስንዱ ልጄ፣ አንቺ ዛሬ የጠየቅሽኝን እሱም ይጠይቅ ነበር፤ «መንገድ ለመንገድ ለሚንከራተት መኪና የሚታመነው የመነጋገሪያ ሬዲዮ የትኛው ነው?» እያለ። አንቺስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ፤ እሱ ግን ሬዲዮ ያለውን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ ያደርቀው ነበር። አልነቅፈውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

አገሩ ቆላ ነው። ስልክ የሚሠራው ከተማው ውስጥ ብቻ ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው አሸዋና ግራር ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የሬዲዮ አማተር መሆን ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ፈቃድ አውጥተው፣ በቤታቸውና በመኪናቸው ሬዲዮ አቁመው የሚጠራሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም የተከበሩት ኮረብታ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የእሳቸው አንቴና ረጅም ምሰሶ ላይ ስለቆመ ቆላውንም ደጋውንም ይሰማል።

ሰውየው ጠይቆ ሲያበቃ ገዛ። ደህና አድርጎም መረጠ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ ቁልፉ የበዛውን ትቶ፣ ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሳ በእጁ ዳብሶ የሚያዝዘውን ወሰደ። ኤሌክትሪኩን ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት አልሳበም፤ እዚያ የተሰካ ነገር ጉድጓድ ሲመታው ይወልቃል። ወፍራም ገመድ ከባትሪው ቀጥታ ዘረጋ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብም ፊውዝ አስገባ። ሬዲዮውን በብሎን አጥብቆ አሰረ። ለአንቴናው ደግሞ መሰርሰሪያ አምጥቶ የመኪናውን ጣሪያ መሃል ለመሃል ይበሳ ጀመር።

ሚስቱ ድምፁን ሰምታ ወጣች። «ሰውዬ፣ ደህናውን ጣሪያ ትበሳለህ? ክረምት ሲመጣ ጃንጥላ ይዘህ ልትነዳ ነው?»

«ከመሃል ሲቆም ነው በአራቱም አቅጣጫ እኩል የሚሰማው» አላት።

«እኔን ግን በአንዱም አቅጣጫ አትሰማኝም» ብላ ስቃ ገባች።

በቀዳዳው አንቴናውን አቁሞ ዙሪያውን በጎማ ደፈነ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ በኮረኮንቹ መንገድ እየዘለለ የኮረብታውን ሽማግሌ ጠራ። «አጠገቤ የተቀመጥክ ያህል ነው የምሰማህ» አሉት። ደስ አለው፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማስቆሙንም መጠየቁንም ተወ። የሚታመን ዕቃ ያገኘ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

አሁን ጉዳዩ ወደ ሠርግ ይሄዳል። የእህቱ ልጅ ልታገባ ሆነ፤ የሙሽራው ቤት ደግሞ ከወንዝ ማዶ ነው። ይህን ወንዝ እወቂው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰውም ግመልም መኪናም ያቋርጠዋል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን፣ ቆላው ሰማዩ ጠርቶ ፀሐዩ እየነደደ፣ ደራሽ ውሃ ይመጣበታል። አሸዋው መሃል የተገኘ ሰው የሚያመልጥበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ዘመድ ተመካከረና አጀቡን ይህ ሰው ከፊት ይምራ፣ ሙሽሮቹም እሱ መኪና ውስጥ ይቀመጡ ተባለ። ሽማግሌው ከኮረብታቸው ሆነው የደጋውን አማተሮች በሬዲዮ እየጠየቁ ውሃ ከተነሳ ሊነግሩት ተስማሙ።

በሠርጉ ጠዋት የሙሽራዋ ጓደኞች መኪናውን ሊያስጌጡ መጡ። አበባውን ኮፈኑ ላይ፣ ሪባኑን በሮቹ ላይ አደረጉ። አንቴናውን ሲያዩማ እልል አሉ፤ እንዲህ ያለ ለጌጥ የተመቸ ዘንግ በማንም መኪና ላይ አይተው አያውቁም። በሽቦ የተጎነጎነ ብርማ ጌጥ ይዘው ነበርና ከጣሪያው ብረት ጀምረው እስከ ጫፉ ጠመጠሙት፤ ጫፉ ላይ ነጭ አበባ ሰኩ። ሰውየው ራቅ ብሎ ሲያየው ልቡ ቅቤ ጠጣ። «ዛሬ ገና አማረብህ!» አለው አንቴናውን። ጠርቶ ግን አልሞከረበትም። ምን ብሎ ይሞክረው? የታመነ ዕቃ ነው።

ሙሽራው መጥቶ ሙሽራዋን ተረከበ፣ ጉዞ ተጀመረ። ከኋላ መኪኖቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፣ ሚዜዎቹ በመስኮት ወጥተው ያጨበጭባሉ። ሬዲዮው ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«ምን ይላሉ ሽማግሌው?» ይሉታል ሙሽሮቹ።

«ምንም አይሉም። ሰላም ነው ማለት ነዋ! ክፉ ነገር ቢኖር ይነግሩን የለ?» ይላል እየነዳ።

እንዲህ እያሉ ወንዙ ዳር ደረሱ። አሸዋው ደርቆ ያብረቀርቃል፤ ማዶ የሙሽራው ቤት ድንኳን ይታያል። ሰውየው ማርሽ አስገባ። ያኔ ሙሽራዋ ከኋላ ጎንበስ አለችና፣ «ጋሼ፣ እሳቸው ዝም ያሉት የሚነግሩን ስለሌለ ነው ወይስ እኛ ስላልሰማናቸው?» አለችው።

ሊስቅ ነበር፤ ግን ሳቁን ተወው። ማይክሮፎኑን አንስቶ ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ፤ አሁንም የለም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ገመዱ ደህና ነው፣ ፊውዙም ደህና ነው፣ ብሎኑም አልላላም። ያ ሁሉ ተጠይቆ የተመረጠ ዕቃ እንደተመረጠ አለ። ሰውየው ጨነቀውና አንገቱን ደፋ፤ ሲደፋም አሸዋው ላይ የመኪናውን ጥላ አየ። ቀጭን ጭረት መሆን የነበረበት የአንቴናው ጥላ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ወፍሯል።

ያን ጊዜ ገባው። የጌጡ ሽቦ አንቴናውን ከጣሪያው ብረት ጋር አስሮታል፤ የሚመጣውም የሚሄደውም ድምፅ በሽቦው እየወረደ እዚያው መኪናው አካል ላይ ይቀራል። ኮፈኑን ዘግቶ፣ በአበባው ላይ ተረማምዶ ወጣና ጌጡን ይበጣጥሰው ጀመር። ሚዜዎቹ ጮኹ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! ሙሽራ ቤቷ ሳትገባ ጌጧ ይፈታል እንዴ?» አልሰማቸውም። የመጨረሻው ጥምጥም ወርዶ ሲያልቅ በተከፈተው በር ሬዲዮው ጮኸ።

«አትሻገሩ! ስለ ፈጠራችሁ፣ ደጋው ዘንቧል፣ አትሻገሩ! ኧረ ሰማሁ የሚል የለም?» የሽማግሌው ድምፅ ሻክሮ ነበር፤ ሲጣሩ ነው ያረፈዱት።

«ሰማሁ አባቴ! ዳር ላይ ቆመናል፣ አልተሻገርንም!» አለ ሰውየው። እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ ሰደቡት፣ ቀጥለው ሙሽሮቹን መረቁ።

ብዙም አልቆየ፤ ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። አሁን ባዶ የነበረው አሸዋ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ አየው፤ እዚያ መሃል ሊሆኑ የነበሩት እነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ሊያለቅሱ ሲሉ ሙሽራዋ ከመኪና ወረደች። የተበጣጠሰውን ብርማ ጌጥ ለቃቅማ አጎቷ አንገት ላይ ጠመጠመችለት። «ጋሼ፣ ጌጥ ለአንገት ነው» አለችው።

በቃ፣ ሳቁ ፈነዳ፤ ከበሮውም ወረደ። አሸዋው ዳር ጨፈሩ፤ አጎትየው ጌጡን እያወዛወዘ ከሚዜዎቹ በላይ ዘለለ። ማዶም የሙሽራው እናት ዘመዶቿን አስከትላ ወደ ዳር ወረደች፤ ውሃው እየጮኸ ግን አንዱ ወገን ሌላውን አይሰማም። ከአማተሮቹ አንዱ እዚያ ከእድምተኞቹ ጋር ነበርና መኪናውን አስጠግቶ ማይክሮፎኑን ሰጣት። እልልታዋ በሬዲዮ ተሻገረ! ሙሽሮቹም ከወዲህ እልል አሉላት። ከኮረብታው ደግሞ ሽማግሌው መሃል ገብተው «ሁለታችሁንም እሰማለሁ፤ እኔንስ የሚያበላኝ የለም?» አሉ። እንዲህ ያለ ሠርግ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

ማምሻውን ውሃው ጎደለ። ሰውየው ሞተሩን አስነሳና «አባቴ፣ ልሻገር?» ብሎ ጠየቀ። «ተሻገር» እስኪሉት ድረስ ጎማው አልተንቀሳቀሰም። ሙሽራዋም አንቴናው ጌጥ በሌለው መኪና ባሏ ቤት ገባች።

እንግዲህ ስንዱ ልጄ፣ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይህ ነው። ያ ሰው ሲመርጥ አልተሳሳተም፤ አንቺም እንደ እሱ ምረጪ፤ ገመዱንም ጣሪያውንም እንደ እሱ አድርጊ። የተሳሳተው መጠየቁን የተወ ዕለት ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ለሰው ይሆናል፣ ለሬዲዮ ግን ዝምታ ምንም አይደለም፤ ሰላምም አደጋም አንድ ዓይነት ዝምታ አላቸው። አንቺ የክትባት መኪና ይዘሽ ስልክ በሌለበት አገር የምትዞሪ ነሽ። የሱ አሸዋ ያንቺ መንገድ ነው፤ የሱ ጌጥ ደግሞ አንቺ ዕቃውን ካመንሽው በኋላ እላዩ ላይ የምትጭኚበት ነገር ሁሉ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ደህና ዕቃ ነው እንጂ የሚታመን ዕቃ አይደለም። የሚታመነው ዛሬ ጠርተሽበት ዛሬ የመለሰልሽ ነው።

ስለዚህ ገዝተሽ ያስገጠምሽ ዕለት ወደዚህ ግቢ ነይ። መሰላሉንም የክትባቱን ሳጥንም፣ ጣሪያ ላይ የሚጫነውን ሁሉ ጭነሽ፣ ሞተሩን አስነስተሽ ከበሩ ላይ በሬዲዮ ጥሪኝ። ከየጉዞሽ በፊትም እንዲሁ አድርጊ። እኔ ሬዲዮዬን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ። ምናልባት ብዘገይ መነጽሬን እየፈለግሁ ነው፤ ቢሆንም እስክመልስልሽ ድረስ ፍሬኑን እንዳትለቂ።