የአቶ ወንድይፍራው ሰዓት

ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቶ «እመኑኝ» እያለ የሚለማመጥ ሰው ሲገጥመን ወረኢሉ ላይ የምንላት አባባል አለች። ከሜዳ አልተነሣችም፤ በወይዘሮ አስካለ ነው የተጀመረችው።

የአስካለ ልጅ ይርዳው የአቶ ወንድይፍራውን ልጅ፣ ስንዱን ወደደ። ሽማግሌ ቢላክ አባትየው ከበዱ። «በክፉ ቀን ደሴ ላይ የሸጥኳትን የአባቴን የእጅ ሰዓት ፈልጎ ያምጣና ልጄን ይውሰድ» አሉ። ምልክቷንም ነገሩ፦ ፊቷ ላይ ዝናብ ገብቶ የተወው ቡናማ ጠባሳ፣ ጀርባዋ ላይ በመርፌ የተጫረ መስቀል።

እናትና ልጅ ስንቃቸውን ቋጥረው ደሴ ሄዱ፤ አሮጌ ሰዓት ከሚሸጠው ከሰይድ ሱቅ ገቡ። ሰይድ መጀመሪያ አንዲት የምታብረቀርቅ አወጣ። አስካለ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈቻት።

«ኧረ ይርዳው! ልቧ እንዴት ይመታል! ይቺው ናት፤ እመብርሃን ሰማችኝ!»

«ቆይ እማዬ፤ ጠባሳውም መስቀሉም የላትም። ጋሽ ሰይድ፣ እስቲ ጀርባዋን ይክፈቱልኝ።»

ሲከፈት ውስጧ ዝጓል። ፊቷ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ቆጣሪዎቿም ከሌላ ሰዓት የተነቀሉ ናቸው።

«ይቺማ ልብሷም ጌጧም የውሰት የሆነ ሙሽራ ናት!» አለ ይርዳው።

ሰይድ ሳቀ። «አንተስ ዓይንህ አይጣል ነው! በል እንካ፤ ይቺን ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አላያትም» ብሎ ከመሳቢያ አንዲት የደበዘዘች ሰጠው።

ይርዳው ወደ ብርሃን አዞራት። ጠባሳው አለ! ገለበጣት። መስቀሉ አለ! አስከፍቶ አየ፤ ቆጣሪውም መሙያውም አብረዋት የተሠሩ ናቸው፤ ማንም አልነካካትም። አስካለ እዚያው ሱቅ ውስጥ እልልታዋን ስታቀልጠው መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

አገራቸው ተመልሰው ቀጠሮው ሲደርስ ግን አስካለን ሐሳብ ገባት። ለፋሲካ እንኳ ቤት ይለቀለቃል፣ ግድግዳ ይቀባል። «ለአማት እንዲህ ቆሻሻ ይሰጣል? ሰው ምን ይለናል!» አለችና ለልጇ ሳትነግር ሰዓቷን ይዛ ከአንጥረኛው ዘንድ ሮጠች። እሱም ጀርባዋን ፍቆ ወለወለ፣ ፊቷን ነጭ ቀባ፣ ቁጥሩን እንደ አዲስ ጻፈ። መስታወት አስመሰላት። አስካለ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ለይርዳው ሰጠችው፤ እሱም ሳይፈታ ያዘው።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አስካለም ቤቷ መዋል አቅቷት ተከትላለች። አቶ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አድርገው ጥቅልሉን ፈቱ። አዩ። ገለበጡ።

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

ይርዳው ዘሎ ተነሣ። «እማዬ! ጠባሳው የት ሄደ?»

«አሳምሬልህ ነው እኮ ልጄ! ለክብራቸው ብዬ…»

«መስቀሉስ?»

«ተወለወለ።»

ከጓዳ ስንዱ ስታለቅስ ተሰማ። አስካለ ከአባትየው እግር ሥር ተደፋች። «ቅዱስ ሚካኤልን ጋሼ፣ እሷው ናት! እኔው በእጄ አጠፋኋት እንጂ እሷው ናት!»

አቶ ወንድይፍራው አንዴ ሰዓቷን አንዴ አስካለን አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ተነሺ እቴ! ውሸታም ቢሆንማ ኖሮ የሌለውን ጠባሳ ሥሎ ይመጣ ነበር፤ ያለውን አያጠፋም። በሉ፣ ልጁ ስንዱን ይውሰድ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከሽማግሌዎቹ መሐል መምሬ ፈንታ ከሳቃቸው ብዛት የፈሰሰ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «አይ አስካለ! ምስክሯን አጥባ ችሎት ቀረበች።»