የሰንጢው ትንሿ ስለት

አንድ ጌጡ የሚባል ሰንጢ ሠሪ ነበር። የሚሠራቸው ሰንጢዎች እጀታቸው ከጥቁር ቀንድ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ሦስት ስለት አላቸው። ትልቁ ለገመድና ለሥጋ፣ መካከለኛው ለእንጨት፣ ትንሿና ቀጭኗ ደግሞ ሌላው ለማይገባበት ጠባብ ቦታ።

ክረምቱ ወጥቶ ሲራራ ነጋዴዎች ለጉዞ ሲሰናዱ፣ ጌጡ አዲስ ሰንጢዎች ይዞ ወደ የውብዳር ሱቅ ሄደ። የውብዳር ለመንገደኞች ዕቃ የምትሸጥ፣ ቃሏ የሚታመን ሴት ነበረች።

አንዱን ሰንጢ አንሥታ ወደ ብርሃን አዞረችው። በቀንዱና በብረቱ መካከል ክፍተት የለም። ትልቁን ስለት ከፈተች፤ ቀጭ ብሎ ቆመ። በአውራ ጣቷ ወደ ጎን ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። መካከለኛውም እንደዚያው። ትንሿ ግን ስትከፈት ላላ አለች። ጀርባዋን መታ ስታደርጋት ተመልሳ ታጠፈች። የውብዳር ሌሎቹንም አየች፤ ሁሉም ያው ናቸው።

"ጌጡ፣ እነዚህን አልቀበልህም" አለችው።

"እትዬ የውብዳር፣ ትንሿን ማን ይከፍታታል ብለው ነው? ሰው የሚገዛው ትልቁን አይቶ ነው።"

"የሚከፍታት የቸገረው ሰው ነው። የቸገረው ሰው ደግሞ ቆሞ የሚፈትሽበት ጊዜ የለውም።"

"መንገደኞቹ ነገ ይነሣሉ። መደርደሪያዎ ባዶ ሊቀር ነው?"

"ይቅር።"

ጌጡ ተናዶ ወጣ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ በትልቁ ስለት የክንዱን ፀጉር ላጨና "ሰንጢ ማለት ይሄ ነው!" ብሎ ሁሉንም ተረከበው። የውብዳር ደንበኞቿ ወደዚያ ሲጎርፉ አየች። ለጠየቋት ሁሉ "ትንሿን ከፍታችሁ እዩ" ብትልም የሰማት አልነበረም።

ከገዙት ሰዎች አንዱ እንግዳው የሚባል በቅሎ ጫኝ ነበር፤ የጌጡ ታናሽ ወንድም። ወንዝ ሲሻገሩ በቅሎው ተንሸራቶ ወደቀ፤ የጭነቱ ጠፍርም የእንግዳውን ግራ እጅ ከኮርቻው ጋር አጣብቆ ያዘው። ውሃው ሁለቱንም ይገፋቸው ጀመር። ትልቁ ስለት በጠፍሩና በእጁ መካከል አልገባ አለ። ትንሿን በጥርሱ ከፍቶ ሰደዳት። ጠፍሩን ለመቁረጥ ሲጫናት ግን ተመልሳ በገዛ ጣቶቹ ላይ ታጠፈች። ጓደኞቹ በበቅሎው ወዲያ በኩል ደርሰው ጠፍሩን ባይበጥሱለት ኖሮ ውሃ ይወስደው ነበር።

ሲመለስ ቀኝ እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ወደ ወንድሙ ቤት ገባ።

"ምን ሆንክ?" አለው ጌጡ ደንግጦ።

"ትንሿ ታጠፈችብኝ።"

ጌጡ "ስትገዛት አልፈተሽካትም?" አለው።

"አንተ የሠራኸውን ለምን ብዬ?" አለ እንግዳው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄው ብቻ ገርሞት ነበር።

ጌጡ ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምቶ አያውቅም። በማግስቱ ተነሥቶ ሰንጢዎቹን ገንዘባቸውን እየመለሰ ከየገዢው ሰበሰበ፤ ሁሉንም ፈታትቶ እንደገና ሠራቸው። ከዚያ ወደ የውብዳር ሱቅ ተመለሰ። እሷም አንዱንም ሳታልፍ እያንዳንዱን ከፈተች፣ ገፋች፣ መታች። ትንሿ ስለት ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ምን ቀየርክ?" አለችው።

"ድሮ ትንሿን የምሠራት በመጨረሻ፣ እጄ ከዛለ በኋላ ነበር። አሁን በማለዳ ከእሷ እጀምራለሁ።"

የውብዳር ሰንጢዎቹን መደርደሪያው ላይ ደረደረች። የእንግዳው ጣቶች እንደ ድሮው ባይታጠፉም ሥራውን አልተወም። ለሚቀጥለው ጉዞ ሰንጢ ሲመርጥ ሦስቱንም ስለት እየከፈተ ፈተሸ። ጌጡም አጠገቡ ቆሞ "በደንብ ግፋው" ይለው ነበር።

ሥራችንን ሰው ሁሉ በሚያየው በኩል ማሳመር ቀላል ነው። ጥራቱ የሚታወቀው ግን አንድ ሰው በጭንቅ ቀን በሚከፍተው በኩል ነው። የሚያምነን ሰው ደግሞ አይፈትሸንም፤ ስለዚህ በእሱ ቦታ ሆኖ መፈተሽ የእኛ ፋንታ ነው።

እርስዎስ በሥራዎ ውስጥ "ይሄን ማን ያየዋል?" ብለው ያለፉት የቱን ነው? ሌላ ሰው ተቸግሮ ሳይከፍተው፣ ዛሬ እርስዎ ይክፈቱት።