ሰላምታ የበላው ደብዳቤ

አንድ ወንዝ ለሁለት የከፈለው መንደር ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው አይገናኝም። አዋላጇ እትዬ ደብሪቱ የምትኖረው ከወንዙ ወዲህ ነው። የመንደሩ ጸሐፊ የሆኑት የአለቃ ጥላዬ ልጅ ደግሞ ወዲያ ማዶ ተድራ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ የምትወልደው ሐምሌ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት እዚያው ማዶ በምጥ ሞታለች። እትዬ ደብሪቱ ወዲህ ዳር ቆማ፣ እንዲህ አድርጓት እንዲያ አድርጓት እያለች ስትጮኽ ውላ ድምጿ ተዘግቶ ነው የተመለሰችው።

ስለዚህ መንደሩ አገረ ገዥውን ድልድይ ሊለምን ተሰበሰበ። አለቃ ወረቀት ዘረጉ። ታዲያ ሰው ዝም ይላል? አንዱ «የአያታቸውን ጀግንነት ያንሡ» አለ፤ ሌላው «ከብቱም ደህና ነው ይበሉ» አለ፤ ሦስተኛው የዘመዶቹን ሰላምታ በየስማቸው አስቆጠረ። አለቃም እንደመጣላቸው ጻፉት። ድልድዩ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ ተወሸቀ።

መልእክተኛው ሁለት ቀን ተጉዞ አደረሰ። አገረ ገዥው አቤቱታ ሲሰሙ ውለው ዐይናቸው ሊከደን ደርሶ ነበር። ሁለት ገጽ አንብበው፣ ሦስተኛውን ሳይገልጡ መልስ አስጻፉ፤ «ሰላምታችሁ ደርሶኛል። እኔም ደህና ነኝ።»

መልሱ ሲነበብ የሳቀም አለ። እትዬ ደብሪቱ ግን ጉልበቷን ይዛ አለቃ አጠገብ ተቀመጠች።

«አለቃ፣ ቀለሙን ይተዉትና በአፍዎ ይንገሩኝ። ምንድን ነው የምንፈልገው?»

«ድልድይ።»

«ለምን?»

አለቃ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ልጄ እንዳትሞትብኝ» አሉ።

«እኛስ ምን እናዋጣለን?»

«እንጨቱም ጉልበቱም ከእኛ ነው። የጎደለን አናጺ ነው።»

«በቃ፣ እንደነገሩኝ በተራ ይጻፉት።»

«ሰላምታ ሳይቀድም? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ወንዙ እንደምን አደራችሁ ብሎ ነው የሚወስደን? ሰላምታውን ከታች ያድርጉት፤ ቦታ ከተረፈ።»

ሁለተኛው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አልሞላም። አገረ ገዥው እንደቆሙ አነበቡትና ሁለት አናጺ ላኩ። ድልድዩ ያለቀው ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ውሃው ከሥሩ መጉረፍ ሲጀምር ነው። ሐምሌ ላይ እትዬ ደብሪቱ በዝናብ ተሻገረች፤ አለቃም ተከተሏት። ከቀትር በኋላ ከልጃቸው ቤት ውስጥ እልልታ ሲሰማ አለቃ ደጃፉ ላይ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ድርሰትም ሆነ ማመልከቻ የሚነበበው በደከመው ሰው ነው። ማን ያልደከመው አለ ዘንድሮ? ብዙ ማወቅ ክፉ አይደለም፤ ያወቁትን ሁሉ እንደመጣ መዘርገፍ ግን ዋናውን ይቀብረዋል። ብዕር ከማንሣት በፊት ምን እንደምንል፣ ለምን እንደምንል፣ የቱን እንደምናስቀድም በአፋችን ለራሳችን እንንገረው። እስቲ የጻፋችሁትን አውጡና ተመልከቱት፦ አንባቢው እመካከሉ ላይ ቢደክመው፣ ምን ይዞ ይነሣል?