ቀበሮ የውሾችን ዘር የቆጠረበት ዘመን

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ውሾች ቀበሮን ዘር ቆጣሪ አድርገው በሾሙበት ማክሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ክፉ ቀን አልነበረም አልልም፤ ውሻና ክፉ ቀን መቼ ተለያይተው ያውቃሉ! ክፉ ቀንን በእልልታ የተቀበሉት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የአገሩንም ስም የሚያስታውስ ጠፍቷል። እዚያ አገር የጅራታቸው ጫፍ ነጭ የሆነ ውሾች በግ ይጠብቁ ነበር። ሁሉም «የአባ ነበልባል ልጆች ነን» ይላሉ። አባ ነበልባል በጥንት ጊዜ ነብር አንቆ የገደለ ውሻ ነው። እነሱ ነብር ቀርቶ ድመት ማባረር ሲያቅታቸው እንኳ «እኛ ነብር ያነቅን!» ማለታቸውን አይተዉም።

የአገሩ ሰዎች ልጅ ሊድሩ ሲሉ ሽማግሌ ሰብስበው እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ። ውሾቹ አጥር ሥር ተኝተው ይህን ሲሰሙ ኖሩ። ቆጠራው አልቆ «ዘመድ ናቸውና አይጋቡም!» ሲባል ግን አንድም ውሻ አይሰማም፤ ያኔ አጥንት ተወርውሮ ሁሉም ይናከሳል። ስለዚህ ዘር የሚቆጠረው ዘመድን ከዘመድ ለማጋባት መሰላቸው።

ቀበሮ ይህን ሲያውቅ በሆዱ ሳቀ። «እኔ ልቁጠርላችሁ፤ እኔ የማንም ወገን አይደለሁም» አለ።

«እውነቱን ነው፣ አያ ቀበሮ አያዳላም» አለ አለቃቸው አያ ዝናው። ቀበሮ ያልቆጠረው ውሻ በረት እንዳይገባ ተወሰነ። የበግ ጠባቂ ቀበሮ ፊት ቀርቦ ይፈተን ተባለ እኮ!

ከዚያ ወዲያ ቡችላ በተወለደ ቁጥር ቀበሮ አለት ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል።

«አባትህ?»

«ከአባ ነበልባል ቤት።»

«እናትህ?»

«ከአባ ነበልባል ቤት።»

«ግባ!» ይልና አለቱን በጥፍሩ ይጭርለታል።

ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጥርሱ የማይገጥም ቡችላ ተወለደ። «አያ ቀበሮ፣ ይህ ልጅ አጥንት መያዝ አቃተው» አሉት። «የጌታ ልጅ ነዋ! ጌታ ያጎርሱታል እንጂ መቼ ነክሶ ያውቃል?» ብሎ ጫረለት። ጆሮው የማይሰማ ተወለደ። «ጨዋ ነው፤ ወሬ አይሰማም።» ጫረለት። ወገቡ አልነሳ ያለ ተወለደ። «ባላባት ቁጭ ሲል ነው የሚያምርበት!» ጫረለት። በጎቹ መጉደል ጀመሩ። የት ገቡ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የቀበሮ ሆድ ግን ከበሮ አህሏል።

ከነጭ ጅራቶቹ መካከል ልባርጉ የሚባል ውሻ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ደንቆሮ ሆነው ሲወለዱበት ወንዝ ተሻግሮ ቆላ ወረደና ዳማ የምትባል ቀይ ውሻ አገባ። ከእሷ የወለዳቸው ቅጠል ሲረግፍ የሚሰሙ፣ ሚዳቋ የሚቀድሙ ሆኑ። ደስ ብሎት ለቆጠራ አቀረባቸው።

«አባታችሁ?»

«ከአባ ነበልባል ቤት።»

«እናታችሁ?»

«ከወንዝ ማዶ።»

«ውጡ!»

«እንዴት ውጡ?» አለ ልባርጉ። «ይሰማሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይነክሳሉ!»

«ንክሻውን ማን ጠየቀህ? የጅራታቸው ጫፍ ቀይ ነው።»

«በግ የሚጠበቀው በጅራት ነው እንዴ?»

ልባርጉ ወደ አለቃው ዞረ። «አያ ዝናው፣ የእርስዎም የልጅ ልጅ አይሰማም። ያውቁታል። ይናገሩ እንጂ!»

አያ ዝናው ቁንጫውን ማከክ ያዘ። ልባርጉ ከነልጆቹ ወንዝ ማዶ ተባረረ።

ጉም በወረደበት አንድ ጠዋት ቀበሮ መደበቁንም ትቶ በረት ገባና አንዲት ጠቦት አነቀ። ጠቦቷ ጮኸች። ጆሮ የሌለው አልሰማ፣ ወገብ የሌለው አልተነሳ፣ ጥርስ የሌለው «እኛ ነብር ያነቅን!» እያለ ቀረ። ከወንዝ ማዶ ግን የልባርጉ ልጆች ሰሙ። ዋኝተው መጡና ቀበሮን ከነጠቦቷ ያዙት።

«አትንኩኝ!» አለ። «አልተቆጠራችሁም! ያልተቆጠረ አይነክስም!»

«አንተ ቁጠር፣ እኛ እንንከስ» አለችው ትንሿ። ጅራቱን ከሥሩ ጎምዳ አስቀረችበት፤ ቀበሮም ደሙን እያዘራ ከአገር ጠፋ።

ውሾቹ ተሰበሰቡ። ምን ያሉ ይመስላችኋል?

«ተባረኩ ልጆቼ» አለ አያ ዝናው። «ከእንግዲህ በረቱን ጠብቁ። ግን ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ ነው፤ አለቱ ላይ አልተጫረላችሁማ!»

ኧረ ስለ ፈጣሪ! ጫሪው ሌባ ሆኖ ተገኘ፤ ጭረቱ ሕግ ሆኖ ቀረ።

የአያት ንክሻ ለልጅ ልጅ ጥርስ አይሆንም። ምሳሌውን ያዙት፤ አፌን የምታብሱበትንም ዳቦ ለራሳችሁ አድርጉት። ልባርጉ ዳቦ አልለመነም። አርጅቶ፣ ዛሬም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጮኻል፦

«ቀበሮስ ቀበሮ ነው፤ ሥራውን ሠራ። አያ ዝናው፣ እርስዎ እያወቁ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ? ይመልሱልኝ!»